የጎማ ጭራ ያላት ዓሣ

ከወልድያ በእግር ስንሸሽ ሌላው ሰው ስንቁንና ልብሱን ተሸክሟል፤ እኔ ዓሣ ተሸክሜያለሁ። በነጠላ ጠቅልዬ አዝያት ስለነበር ሲሪንቃ ስንደርስ አንዲት መንገድ ዳር የቆመች ሴት "ለልጅሽ" ብላ በኮዳ ውኃ ሰጠችኝ። ልጅ አይደለም ብዬ ማስረዳቱ አድካሚ ሆነብኝና ራሴ ጠጣሁት። ያዘልኳት ዓሣ ከፕላስቲክ ቧንቧ የተሠራ ሆድ፣ ከባጃጅ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጭራና ሁለት የጎን ክንፎች ነበሯት። ግንባሯ ላይ ደግሞ መካኒኮች የሞተር ውስጥ የሚያዩባት ትንሽ ካሜራ ነበረች፤ የምታየውን በሽቦ ወደ ስልኬ ትልካለች፣ የምመራትም በዚያው ስልክ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ወልድያ ውስጥ መካኒክስ አስተምር ነበር። የመስኖ ኩሬዎች የውኃ በር በደለል ሲደፈን ከታች ምን እንደያዘው የሚያይ ነገር ልሥራ ብዬ ተነሣሁ። የመጀመሪያውን በፕሮፔለር ሠራሁት። ገና ከታች ሲደርስ ጭቃውን በጠበጠውና ካሜራው ድፍርስ ብቻ አሳየኝ። ተናድጄ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ውኃው ዳር ተቀመጥኩና ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሳይ ዋልኩ። ቆሮሶ እንደ ባጃጅ ሾፌር አይንደረደርም። ባለበት ቆሞ የጎን ክንፎቹን በቀስታ ያወዛውዛል፤ ካሻው ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጎጆውን ሲጠርግም ደለሉን በክንፉ አራግቦ ነው የሚያነሣው። ያንን ለመኮረጅ ብዙ ጎማ ቆረጥኩ። ባልደረቦቼ ዓሣ አጥማጇ እያሉ አሾፉብኝ፤ እኔም ነገር ከያዝኩ አልለቅም።

የሸሸሁት ሀብሩ ወረዳ፣ ከግራና ከተማ ራቅ ብሎ ወደሚገኘው የአክስቴ ቤት ነው። መብራት የለም፣ የስልክ ኔትወርክ የለም፣ መንገድ የለም። ውጊያው በሰፈሩ ያለፈው እኔ ከመድረሴ ከጥቂት ቀናት በፊት ነበር። የአክስቴ ባል የውኃ አባት ነበሩ፤ ከሰፈሩ በላይ ያለው ኩሬ በር በማን ተራ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ከባድ መሣሪያ ማጓራት በጀመረበት ማለዳ አንድ ልጃቸው በእሳቸው ፈንታ በሩን ሊዘጋ ወጣ፤ አልተመለሰም። ሹራቡና ዱላው የኩሬው ግድብ ላይ ተገኙ።

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው ያየ ሰው ሲኖር ነው። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ቤቱን ያንኳኳሉ፤ ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ "በዓይኔ አይቻለሁ" የሚል መሆን አለበት። ያየ ከሌለ መርዶ የለም፣ መርዶ ከሌለ ለቅሶ አይቀመጡም። አክስቴም ልጄ ከሸሹት ጋር ወደ ደሴ ወርዷል አለች፤ በዚሁ ጸናች። በቤቷ ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው አትወድም። ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት እያለች ትቆጣ ስለነበር ሁላችንም እንደ ገበያ ሰው እየጮኽን እናወራ ነበር። ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ እንጮሃለን። ከውጭ የሚሰማን ሰው ሠርግ የደገስን ሳይመስለው አይቀርም።

ባሏ ግን ልጁ ኩሬው ውስጥ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ስለዚህ በሩን አልከፍትም አሉ። ታች ያለው ሽንኩርት ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ ገበሬዎች እየመጡ ለመኗቸው። ሰው ያለበትን ውኃ ማሳ ላይ አለቅም ብለው መለሷቸው። ገብቶ የሚያይም አልተገኘም። ዋና የሚችል ጥቂት ነው፤ ታችኛው ጭቃ ደግሞ እግር ከያዘ አይለቅም ይባላል። በዚያ ላይ ከውጊያው ወዲህ ወፍ ኩሬው ላይ አያርፍም። ከብቶች እንኳ ጠርዙ ድረስ መጥተው ሳይጠጡ ቆመው ይመለሳሉ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የተሸከምኩት ምን እንደሆነ ለአክስቴ ባል የነገርኳቸው አንድ ቀን ከሰዓት ነበር። ሙከራዬን እንዲያዩ ዓሣዋን ጓሮ በርሜል ውስጥ ከተትኳትና ሞተሯን አስነሣሁ። ሞተሯ ቀጭን፣ የማያቋርጥ እምምታ አላት። ቀና ስል ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን እየጎተተ ማንጎ ዛፍ ሥር እየገባ ነው። ድሮን መጣ ብለው ነው። ካጠፋኋት በኋላ እንኳ ለረጅም ጊዜ ማንም ከዛፉ ሥር አልወጣም፤ ሁሉም አንጋጦ ባዶ ሰማይ ያያል። ሊስቁ ይገባል ብዬ ስጠብቅ የሳቀ አልነበረም። አንድ ሰው መጥቶ ይቺን ነገር እሳት ውስጥ ካልጨመርሽ ሁላችንንም ታስጨርሺናለሽ አለኝ። እኔም ዓሣ ናት፣ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች ብዬ አምባረቅሁበት።

የሰፈሩ ሽማግሌዎች ግን ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥረው ተሰበሰቡ። ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ነበሩበት። ጥያቄያቸው ዓሣዋ ትሠራለች ወይ የሚል አልነበረም፤ ዓሣዋ ያየችው እንደታየ ይቆጠራል ወይ የሚል ነበር። አንድ ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ሼህ በፀሐይ ኃይል የምሞላውን ስልኬን ተቀብለው አገላብጠው አዩና እንዲህ አሉኝ፦

"ወላሂ፣ እኔ በምስል አይቼ መርዶ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ያለው ነው የሚታየው ወይስ ያለፈ?"

የአሁኑ ነው፣ በሽቦ ነው የሚመጣው፣ እጅዎን ከፊቷ ቢያወዛውዙ ይታያል አልኳቸው። አወዛወዙ። እጃቸውን በስልኩ ላይ አዩትና እንደገና አወዛወዙ። በመጨረሻ እሳቸውና የአክስቴ ባል ሁለቱም ከስልኩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ካዩ እንዳዩት ይቆጠራል ተባለ። ለአክስቴ አልተነገራትም።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኑ ወደ ታች ይገባልኝ ብዬ በቀትር ወጣን። ግድቡ ላይ ተቀመጥን፤ ስልኩን ጋቢ አጥልተን ሦስት ራስ ሆነን አጎነበስንበት። ዓሣዋን ለቀቅኳት። ጭራዋን ሁለት ጊዜ መታ አድርጋ ሰመጠች፤ ውኃው ተዘጋባት፤ ላዩ ላይ ከሽቦዋ በቀር ምንም ምልክት አልነበረም።

እንደዚያ ጥርት ያለ ነገር አልጠበቅሁም። አረንጓዴ ብርሃን፣ ከሥሩ ለስላሳ ደለል፣ ምንም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ትንንሽ ዓሦች መጡና ከዓሣዬ ጎንና ጎን ሆነው አብረዋት መዋኘት ጀመሩ። ስታቆም ያቆማሉ፣ ስትዞር ይዞራሉ። ሠራኋት ብዬ የኮራሁባትን ያህል በዚያች ቅጽበት ፈራኋት። የምመራት እኔ ነኝ ወይስ እነሱ ናቸው የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ።

የውኃው በር አጠገብ ነበሩ። ሦስት ሰዎች። ሁለቱ ወታደራዊ ጫማ አድርገዋል፤ ወገባቸው ላይ ያለው የጥይት ዝናር ክብደት ከታች ይዟቸዋል፤ ከወገብ በላይ ግን ቀና ብለው የተቀመጡ ይመስላሉ። የማን ወገን እንደሆኑ ልብሳቸው በደለል ተሸፍኖ አይለይም። የዓሣዬ ጭራ በመታ ቁጥር የአንዱ እጅጌ ከፍ ዝቅ ይላል። ና የሚል ይመስል ነበር። ሼሁ በሹክሹክታ ቁርኣን መቅራት ጀመሩ።

ሦስተኛው ከነደረቱ ደለል ውስጥ ተቀብሯል፤ ፊቱ አይታይም፤ ወታደራዊ ልብስም ጫማም የለውም። የአክስቴ ባል ወደ ስልኩ ይበልጥ ተጠጉ።

"ቀኝ እጁን አሳዪኝ" አሉኝ።

ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። የአክስቴን ልጅ የቀኝ እጁን ትንሿን ጣት የውኃ መሳቢያ ሞተር ቀበቶ ቆርጧት ነበር። እጁ ደለል ውስጥ ነው። ፕሮፔለር ቢሆን ኖሮ ኩሬውን ሁሉ አደፍርሶ ምንም ሳናይ በቀረን ነበር። ዓሣዬን ከእጁ በላይ አቆምኳትና ቆሮሶ እንዳሳየኝ የጎን ክንፎቿን በቀስታ አራገብኩ። ደለሉ በስሱ እየተነሣ ወደ ጎን ሄደ። መዳፉ ወጣ። አውራ ጣቱ ወጣ። ትንሽ አብዝቼ ዝቅ ሳደርጋት ክንፏ የሰውየውን እጅ ነካችው፤ እኔን የነካኝ ያህል ዘገነነኝ። ሌባ ጣት። መሃል ጣት። የቀለበት ጣት። ከዚያ ደለሉ ተመልሶ አረፈ፤ እንደገና አራገብኩ።

ትንሿ ጣት ነበረች።

"ተመስገን" አሉ የአክስቴ ባል፤ ጮክ ብለው። ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ያዙ። እኔም ደስ አለኝ፤ ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝም። ሦስት ሰው ከፊቴ ሞቶ እያየሁ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን የለም። ሼሁ ብቻ ስልኩን እያዩ ለሞተ ሰው የሚባለውን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉ፤ ጨርሰውም እነዚህንስ ማን ቤት ሄደን ነው የምናረዳው ብለው ጠየቁ። ያየን ሰዎች አለን፤ የምናንኳኳው በር ግን የለም።

በማግስቱ ጎልማሶች በገመድና በሜንጦ አወጧቸው። ዓሣዬ ከታች ሆና ሜንጦው የት እንደደረሰ አሳየቻቸው። ስማቸውን የሚናገር ወረቀት አልያዙም፤ ሃይማኖታቸውም ስላልታወቀ ቄሱም ሼሁም በየተራቸው ጸለዩላቸው። ለአክስቴ የነገሯት ባሏ ናቸው። ልጃችን እዚያ የለም አሏት፤ እውነትም አልነበረም፤ ይህን እስከምጽፍበት ቀን ድረስ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። የሆነ ሆኖ ደስ ይላታል ብለው ነበር።

አክስቴ ደስ አላላትም። እንግዲያ የማን ልጆች ናቸው ብላ ጠየቀች። አይታወቅም አሏት። ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ግድቡ ሥር መቃብሩ ወደሚቆፈርበት ሄደች፤ የሰፈሩ ሴቶች ተከተሏት።

ሙሾ የምታወርደው ሴት ጀመረች፤ ሙሾ ግን የሟች ስም ይፈልጋል። ስሙ የሚገባበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ሴቶቹም ደረታቸው ላይ ያነሡትን እጅ እንዳነሡ ቆዩ። ከውኃው በኩል ድምፅ የለም፣ ከዛፉም የለም። ያን ዝምታ ዛሬም ሌሊት እሰማዋለሁ።

አክስቴ ከመካከላቸው ወጥታ የልጇን ስም ጠራች። ለመጀመሪያው ጠራች። ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም ያንኑ ስም ጠራች። አልቃሿም ስሙን ተቀብላ አወረደችው፤ ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ።

ባሏ ከቆፋሪዎቹ ጋር ቆመው ነበር። አካፋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ጋቢያቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰው መጡና ከአጠገቧ ተቀመጡ።