የወይራ ዘመድ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት እዚሁ ወረታ ለእኛ ለሽቶ ነጋዴዎች ስልጠና ሰጠን። «ሽቶ ቤተሰብ አለው» አለና የአበባ፣ የሎሚ፣ የእንጨት፣ የቅመም እያለ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ሰው ሁሉ ደብተሩን አውጥቶ ሲገለብጥ እኔ ሳቄ መጣ። ይህን ትምህርት የተማርኩት በሃያ ዓመቴ ነው፣ ያውም ከሥራ ልባረር ስል።

ከገጠር መንደራችን ከቁሐር ሚካኤል ወረታ የገባሁት ክረምቱ ወጥቶ የሜዳው ጭቃ ገና ሳይደርቅ ነበር። እስከ ቅዳሜ ገበያ ሥራ ካላገኘሁ አባቴ ወስዶ አይቼው ለማላውቅ ሰው ሊድረኝ ቆርጧል። እትዬ ጥሩነሽ የሚባሉ የሽቶ ሱቅ ባለቤት ለሙከራ ተቀበሉኝ።

በማግስቱ መደርደሪያውን እንዳጸዳ አዘዙኝ። ጠርሙሶቹን ሳወርድ አንድ በአንድ እያሸተትኩ ዘመድ ዘመዱን አንድ ላይ አኖርኩ። እንግዲህ እኛ አገር የወተት ቅል ታጥቦ ብቻ አይቀመጥም፤ በወይራ ጭስ ካልታጠነ ንጹሕ አይባልም። እኔም መደርደሪያውን አጥቤ ስጨርስ ወይራ አጫጭሼ አጠንኩት። በሥራዬ ኮርቼ ቆምኩ።

እትዬ ሲገቡ በሩ ላይ ቀጥ አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ሽቶ ቤቴን ላም ቤት አደረግሽው?»

«ንጹሕ እንዲሆን ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«በዚህ ጭስ ማን ምኑን አሽትቶ ይገዛል? በቃ፣ ነገ ወደ አገርሽ።»

እንባዬን እየዋጥኩ ሳለ ከአንበሳሜ የመጡ፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ገበሬ ገቡ። ለወንድ ልጃቸው ጥሎሽ ሽቶ ፈልገዋል። እትዬ ውድ ውዱን የአበባ ሽቶ ቢያሸቷቸው ሰውየው ደጋግመው አስነጠሱ። ሊወጡ ሲሉ ቆም ብለው አየሩን ሳቡ።

«ይኸ የሚሸተውስ?»

«እሱ ሽቶ አይደለም፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ እትዬ አፍረው።

ድፍረቱ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «አባባ፣ ሙሽሪት ቤት ቅሉን በምን ያጥኑታል?» አልኩ።

«በወይራ ነዋ።»

ገዢ አጥቶ የከረመ አንድ ጠርሙስ አነሳሁና እጃቸው ላይ ረጨሁላቸው። ደረቅ፣ የእንጨት ሽታ ያለው፣ የወይራ ዘመድ ነው። ሰውየው እጃቸውን መላልሰው አሸተቱ።

«ይኸስ የሰው ቤት ይሸታል። የሙሽሪት እናትም አትጠላው» አሉና ሁለት ገዙ።

እትዬ እያዩኝ «ሌሎቹንስ ታውቂያቸዋለሽ?» አሉ።

«ይህ የሎሚ ዘመድ ነው፣ ለሙቀት ይሆናል። እነዚህ የጽጌረዳ ወገን ናቸው። ያ የቅርንፉድ ነው፣ ብርድ ሲመጣ ይፈለጋል።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እስኪ እንደገና በይው» አሉኝ።

ቅዳሜ አባቴ መጣ። እትዬ ከባንኮኒው ጀርባ ሳይነሱ «ልጅዎን አልሰጥም» አሉት፤ «የሽቶዬን ዘር የምትቆጥርልኝ እሷ ናት።» አባቴ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያም ብቻውን ወደ አገሩ ሄደ።

ዛሬ የራሴ ሱቅ አለኝ። ከተማ የገባሁት ምንም የማላውቅ መስሎኝ ነበር። እናቴ ላም ቤት ያስተማረችኝ ነገር እውቀት መሆኑን ያወቅኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ ይህን ሳወራ እስከ ዛሬ ድምፄ ከፍ ይላል።