አምባሳደሩና ሰልፍ ላይ ያስቀመጣት ቦርሳ

ሰፈሩ ውስጥ አምባሳደር የሚባለው ሰው ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ አንሺ ማለት እንኳ ሰውየውን ማክበር ነው። የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ወረቀት ያባዛል፣ የተቀደደ መታወቂያ በላስቲክ ይለብጣል። ሱቁ ከቁም ሳጥን ብዙም አይሰፋም። ግድግዳው ላይ ከደመና በላይ የሚበር አውሮፕላን ሥዕል ለጥፏል፤ አንዱ ክንፍ በእርጥበት ተልጧል። ደንበኛው ሊነሳ ሲቀመጥ "ለየትኛው አገር ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የትም ይሁን የት፣ ስለዚያ አገር የሚናገረው አያጣም።

ውጭ አገር የሄደው አንድ ጊዜ ነው። የማባዣ ማሽን የሚሸጥ ኩባንያ ደንበኞቹን ለኤግዚቢሽን ሲጋብዝ፣ የተጋበዘው ባለሱቅ ስለታመመ እሱ ተተክቶ ሄደ። ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። ያየው ሆቴሉን፣ አዳራሹንና ሁለቱን የሚያገናኘውን አውቶቡስ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ወሬው ሁሉ "እዚያ እኮ" ብሎ የሚጀምር ሆነ። ሻይ ሲቀርብለት "እዚያ እኮ ሻይ እንዲህ አይቀዳም" ይላል። ዝናብ ሲያባርረው "እዚያ እኮ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ይነገርሃል" ይላል። አምባሳደር ያሉት ሊያሾፉበት ነበር። እሱ ግን ስሙን ወደደው። ራሱ ባተመው የስም ካርድ ላይም "ዓለም አቀፍ የጉዞና የፎቶ አማካሪ" የሚል ጨመረበት።

ከሁሉ የሚኮራው ሰልፍ ባለመሰለፉ ነው። ሰልፍ፣ እንደ እሱ አነጋገር፣ ሰው የሌለው ሰው የሚቆምበት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ሲሄድ ሰልፉ ላይ ጃንጥላውን ወይም ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ምንም ካጣ ድንጋይ ያስቀምጣል። ከኋላው ላለው ሰው "ወንድሜ፣ ከአንተ ፊት ነኝ" ይልና በጓሮ በኩል ሰው ፍለጋ ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ሰው የለም። ከዘበኛው ጋር ሲያወራ ቆይቶ ሲመለስ ጃንጥላው መስኮቱ ጋ ደርሶ ይጠብቀዋል። በእግራቸውም በእጃቸውም እየገፉ ያደረሱለት የተሰለፉት ሰዎች ናቸው። እሱ ጉዳዩን ጨርሶ ሲወጣ ግን እነዚያኑ ሰዎች ቁልቁል እያየ "ሰው ካለህ እንዲህ ነው" ይላቸዋል።

የዚህ ሰው አክስት ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ዘመድም ጎረቤትም እቴቴ ይላቸዋል። አንዱ ዓይናቸው በዓይን ግፊት በሽታ ከጠፋ ቆይቷል። የሚሠሩት በቀረው ዓይን ነበር፤ እሱም ደክሞ ደክሞ፣ ክሩን በምራቅ እያሾሉ የመርፌዋን ቀዳዳ በጣት ጫፍ የሚፈልጉበት ጊዜ መጣ። ሐኪም ግፊቱ በቀዶ ሕክምና ካልወረደ ይሄኛውም ይጠፋል አላቸው። ውጭ አገር የምትሠራ አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ እሷ እዚያ ሐኪም አገኘች፣ ቀጠሮ አስያዘች፣ ትኬት ላከች። ሐኪሙ ከቀጠሮው ቀን በኋላ ለረጅም እረፍት ይወጣል። ሌላ ሐኪም እስኪገኝ ዓይኑ ይጠብቅ አይጠብቅ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። እስከዚያ ድረስ ያለው መላ ጠዋትና ማታ የሚደረግ ጠብታ ብቻ ነው።

ልጅቷ፣ ብቻሽን አትምጪ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ነይ አለች። ዘመድ ተሰብስቦ መንገድ የሚያውቀው ማን እንደሆነ ሲጠያየቅ አምባሳደሩ ጉሮሮውን ጠረገ። እቴቴ፣ ይሄ ልጅ ዳቦ ግዛ ሲሉት እንኳ ዳቦ ቤቱን አልፎ ሰው አለኝ ወዳለበት የሚሄድ ነው አሉ። ሁሉም ሳቀ። ትኬቱም በስሙ ተቆረጠ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን በደህና አደረሳቸው። ሁለተኛውን የሚይዙት ከማያውቁት አገር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው ትልቅ ነው፤ ወለሉ ተወልውሎ ያበራል፣ ወንበሮቹ እርስ በርስ በብረት ተያይዘዋል። ከመስታወቱ ውጭ ጉም ወርዶ የአውሮፕላኖቹ ጭራ ብቻ ይታያል። አምባሳደሩ እግሩን አነባብሮ፣ እዚህ ጉም ምንም ማለት እንዳልሆነ፣ አብራሪዎቹ በመሣሪያ እንደሚያዩ ለአክስቱ ያስረዳ ነበር። አስረድቶ ሳይጨርስ ሰሌዳው ላይ የእነሱ በረራ ቀይ ሆነ።

ልጅቷ ወዲያው ደወለች። አየር መንገዱን ጠይቃ ነበር። ያን ቀን በረራ የለም። ነገ ጠዋት አንድ አውሮፕላን ይነሳል፤ ያለው ቦታ ግን ጥቂት ስለሆነ ቀድሞ ባንኮኒው ጋ ለደረሰ ነው የሚሰጠው። የቀረው ሰው ሦስት ቀን ይጠብቃል። የሆቴል ክፍልም የሚታደለው እዚያው ባንኮኒ ላይ ነው፤ ከተማው ውስጥ ያሉት ሆቴሎች ሞልተዋል።

"እማዬ፣ ሰልፉ ላይ ቁሚ" አለች። "ምንም ቢሉሽ ከሰልፉ እንዳትወጪ።"

እቴቴ ስልኩ ሳይዘጋ ተነስተው ነበር። ምርኩዛቸውን ይዘው ሰው ወደሚተራመስበት ድምፅ ተጓዙ፤ ሲደርሱ ከፊታቸው የቆሙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የነገው ወንበር በእጃቸው የገባ ያህል ነው። ከኋላቸው ሰልፉ እየረዘመ፣ ምሰሶውን ዞሮ ሄደ።

ያኔ ነው አምባሳደሩ ዞር ብሎ ሰልፉን ያየው። ሕፃን ያዘለች፣ ጫማውን አውልቆ የቆመ፣ ሻንጣ ላይ ተቀምጦ የሚያዛጋ። እነዚህን የመሰሉ ሰዎች መሐል መቆም ክብሩን ነካው። ለእቴቴ፣ በዚህ ዓይን መቆም እንደማይገባቸው፣ ኃላፊውን አነጋግሮ ነገሩን ባንዴ እንደሚጨርስ ነገራቸው። የእጅ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አውርዶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ። ከካፖርት ቁራጭ ራሳቸው የሰፏት ቡናማ ቦርሳ ናት፤ ጠብታው ያለው እሷ ውስጥ ነው።

"ቦርሳዬን ምን ልታደርጋት ነው?" አሉ እቴቴ።

"ሰልፉን ትይዝልናለች።"

"እኔው ብቆምስ?"

"እቴቴ፣ ይሄ የሠለጠነ አገር ነው። የሰው ዕቃ የሚነካ የለም።"

ከኋላ ለቆመው ረጅም ሰውዬ በጣቱ ቦርሳዋን፣ ቀጥሎ የራሱን ደረት፣ ቀጥሎ ወለሉን አሳየው። ሰውዬው ትከሻውን ሰበቀ፤ አምባሳደሩ ይሁን ያለው መሰለው። አክስቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ሰው ፍለጋ ሄደ።

መጀመሪያ ያገኘው ወለል የሚወለውል ሰው ነው። ዩኒፎርም ስለለበሰ ካርዱን ሰጠው። ሰውዬው ካርዱን አገላብጦ አየና ከቆሻሻው ጋሪ ጨመረው። ከዚያ ፎቅ ወጥቶ ለባለ ውድ ትኬቶች የተዘጋጀ፣ ሶፋ የሞላበት ክፍል በር ላይ ደርሶ ለመግባት ሞከረ። በሩ ላይ ያለችው ሴት መግቢያ ካርድ ስትጠይቀው ያንኑ ካርዱን ዘረጋላት። እርጥብ ነገር እንደያዘች ሁሉ በሁለት ጣቷ መለሰችለት። እሱ ግን እዚያው ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ አክስቱ ዓይን በገዛ ቋንቋው ማስረዳቱን ቀጠለ፤ ጮክ ካሉ የማይገባው ሰው ያለ አይመስለውም።

ታች ሰልፉ ወደፊት ሲሄድ ቦርሳዋ እዚያው ቀረች። የገፋት የለም። ረጅሙ ሰውዬ ዞሯት አለፈ፤ ቀጥሎ ያለችውም ዞረቻት፤ ከዚያ አንዷ ለጠባቂ ነገረች። ጠባቂው የማን ናት ብሎ ጠየቀ፤ እቴቴ ከወንበራቸው ጩኸቱን ይሰማሉ እንጂ የሚባለው አይገባቸውም። ቢጫ ጥብጣብ ተዘረጋ፣ ውሻ መጣ፣ አዳራሹ ይልቀቅ ተባለ። ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ እቴቴን ክንዳቸውን ደግፋ ከሕዝቡ ጋር ወደ ታችኛው ፎቅ አወረደቻቸው። እዚያ አዲስ ሰልፍ ተሠራ፤ እግር ያለው ሮጦ ያዘ። እቴቴ የመጨረሻዋ ሰው ሆኑ።

አምባሳደሩ ከላይ ሲወርድ ባዶውን አዳራሽ፣ መሐሉ ላይ ብቻዋን የቆመችውን ቡናማ ቦርሳና የሚያሸታትን ውሻ አየ። ምን እንዳደረገ ገባው። የኛ ናት ለማለት የሚያስፈልገው አንድ ጣት ማንሳት ብቻ ነበር። እሱ ግን ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ።

"ምንድን ነው የሆነው?" አሉት እቴቴ።

"አንዱ ኋላ ቀር ቦርሳውን ጥሎ ሄዶ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ምን ብለው አውሮፕላን ላይ እንደሚያሳፍሩት።"

"የኔስ ቦርሳ?"

"ተጠብቆልናል።"

"ማን ጋ?"

"ኃላፊው ጋ።"

እቴቴ ከልጅነቱ ያውቁታል፤ ሲዋሽ ድምፁን ያወፍራል። ጠብታውን እንዲያመጣላቸው ጠየቁት፤ ሰዓቱ እየደረሰ ነው፣ ዓይናቸውም መውጋት ጀምሯል። ትንሽ ይታገሱ አላቸው። ደግመው ሲጠይቁት፣ አሁን ከጠየቅን እኛንም ይጠረጥሩናል የሚል አመለጠው።

"በምን?" አሉት።

ዓይኑ ወደ ደረጃው ሸሸ።

"የደከመው ዓይኔ ነው። አንተን ለመስማት ምን አነሰኝ?" አሉና ምርኩዛቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ዞሩ። እጅጌያቸውን ያዛቸው፤ ያስሩናል አላቸው። ልቀቀኝ አሉት፤ ለቀቃቸው። ከዚያ ያደረገው ለመጻፍም ያሳፍራል። ወደኋላ ፈቀቅ አለና፣ አብሯቸው እንዳልመጣ ሰው፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ። ማስታወቂያው በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነው።

እቴቴ ደረጃው ሥር ያለውን ጠባቂ በምርኩዛቸው አስቆሙት። ወደ ላይ ጠቆሙ፣ ደረታቸውን መቱ፣ የዓይናቸውን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርገው አሳዩት። ስልካቸውን ሰጡት። ልጅቷ በስልክ ታስተረጉም ጀመር። ቦርሳው ውስጥ ምን አለ ሲሏቸው፣ የጠብታ ብልቃጥ፣ ፎጣ፣ የቤት ጫማ አሉ። ገበሩ ሰማያዊ ነው፤ ከታች በኩል ስፌቱ ተጣሟል፣ ያኔ ዓይኔ ደክሞ ነበር አሉ። ተከፈተ፤ ገበሩ ሰማያዊ፣ ስፌቱ ጠማማ። ጠባቂዎቹ ተቆጡ፤ ልጅቷ ቁጣውን አሳጥራ ነገረቻቸው። "እውነታቸውን ነው፣ ይቆጡ" አሉ እቴቴ፤ ቦርሳቸውን ተቀብለው እዚያው ወንበር ላይ ጠብታቸውን አደረጉ።

የማረፊያው ሐኪም ተጠርታ ዓይናቸውን አየች። ይህች ሴትዮ ሦስት ቀን መጠበቅ አትችልም ብላ ለአየር መንገዱ ነገረች። ለበሽተኛ ተብሎ ከተያዙት ሁለት ወንበሮች አንዱ ተሰጣቸው፤ ክፍልም ተገኘላቸው።

"እማዬ፣ አብሮሽ የሚሄድ ሰው አለ ወይ እያሉ ነው" አለች ልጅቷ። "ሁለተኛውን ወንበር ለእሱ ሊሰጡት ይችላሉ። የክፍሉም አልጋ ሁለት ነው።"

እቴቴ ቦርሳዋን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ።

"ነበረ" አሉ። "ሰው ፍለጋ ሄዷል በያቸው።"

"እማዬ..."

"እንዳልኩሽ በያቸው።"

በማግስቱ ጠዋት ሄዱ፤ በቀጠሯቸውም ደረሱ። የጠፋው ዓይን አልተመለሰም፤ የቀረው ግን ቀረላቸው።

አምባሳደሩን ከመጨረሻዎቹ ተሰላፊዎች ጋር አውቶቡስ ውስጥ አስገብተው አንድ የስፖርት አዳራሽ ወሰዱት። ታጣፊ አልጋ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣ ከራስጌው በላይ የቅርጫት ኳስ ቀለበት። ለሾርባ ሰልፍ፣ ለመታጠቢያ ሰልፍ፣ ስልክ ለመሰካት እንኳ ሰልፍ ነው። አንድ ቀን የመታጠቢያው ሰልፍ ላይ ጫማውን አስቀምጦ ሄደ፤ ሲመለስ ጫማውን ከጠፉ ዕቃዎች ሣጥን ውስጥ አገኘው። ከዚያ የአክስቱ ልጅ፣ መምጣት አያስፈልግህም ብላ በስልክ ነገረችው፤ በመጣበት ተመለሰ።

አገር ቤት ቀድሞ የገባው እሱ ስለሆነ ወሬውም የእሱ ሆነ። ለእቴቴ ስል አውሮፕላን ማረፊያውን ሙሉውን አዘጋሁት ይላል። ውሻ ሳይቀር መጣ፣ ሐኪም አስጠራሁ፣ ወንበሬን ለቅቄላቸው እኔ በስፖርተኞች ማረፊያ አደርኩ ይላል። እቴቴ ሲመለሱ ሰው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አዎ፣ ተዘግቶ ነበር አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

ዓመቱ ሲዞር ሐኪሙ እንዲያያቸው ድጋሚ መሄድ ስለነበረባቸው ጉርድ ፎቶ አስፈለጋቸው። ተማሪዎች የሚመዘገቡበት ሰሞን ነው፤ ሱቁ በር ላይ ሰልፍ አለ። አምባሳደሩ ከውስጥ አያቸውና፣ እርስዎ ደግሞ ሰልፍ፣ ይግቡ እንጂ አለ። ሰውም መንገድ ለቀቀላቸው። አልገቡም። ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ሰልፉ ፈቀቅ ሲል ፈቀቅ እያሉ፣ ተራቸው እስኪደርስ ቆሙ።

ተቀመጡ። ካሜራውን አስተካከለና እንደ ልማዱ "ለየትኛው አገር ነው?" አለ።

"አንተ ላልደረስክበት" አሉ።

ከበር ላይ ሳቅ ተሰማ። እሱ ካሜራው ኋላ ጎንበስ አለ።

"ማንን ይዘው ነው የሚሄዱት ታዲያ?"

"ቦርሳዬን" አሉ እቴቴ፣ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሱ። ፎቶውም እንደዚያው ወጣ።