ስምንቱ ኮምፒውተሮችና የእማማ አየለች ጥሪ

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና ከተማ አንድ ሱቅ ገብቼ ለቤቴ ራውተር ስመርጥ፣ ሻጩ የአንቴናውን ብዛት ያሞግስልኝ ጀመር። የእኔ ሐሳብ ግን ወደ ጋሽ መኮንን ኢንተርኔት ቤት ሄደ።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት መጥቼ ነበር። ጋሽ መኮንን ስምንት ኮምፒውተር በአንድ ደካማ መስመር ያሠሩ ነበር፤ አንዱ ፊልም ማውረድ ሲጀምር ሌላው ሁሉ ይቆማል። ራውተር ምረጥልኝ ሲሉኝ በደስታ አብሬያቸው ሄድኩ። እሳቸው ዓይናቸው ያረፈው አራት አንቴና ባለው ላይ ነበር።

«ይኼ ግርማ ሞገስ አለው» አሉ።

«ጋሼ፣ አንቴና መስመሩን አያፈጥነውም። ይኼኛው ግን ፍጥነቱን ለየኮምፒውተሩ ይመድባል።»

ገዛንና ለስምንቱም እኩል መደብኩ። ጭቅጭቁ ቀረ። ጋሽ መኮንን «ኢንጂነሩ» ይሉኝ ጀመር፤ እኔም ወደድኩትና ክረምቱን እዚያው እያገዝኳቸው ቆየሁ።

መስቀል ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ፣ እማማ አየለች ከሌሞ ገጠር በጋሪ ጭቃውን አቋርጠው መጡ። ነጠላቸው ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ልጃቸው ኤርሲዶ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆኖታል። በኮምፒውተሩ ደወልኩለትና የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩላቸው። ሰላምታቸው እንደ አገሩ ረጅም ነው፦ ላሙ፣ እንሰቱ፣ ጎረቤቱ። በየመሐሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ሲጨርሱ መረቁኝ፤ እስከ በሩ ሸኘኋቸው።

በሩ ላይ እጄን ይዘው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ምን እንዳለ ንገረኝ እስቲ።»

«አልሰሙትም እንዴ?»

«አንድ ቃል ሲመጣ ሦስቱ ይቀራል። እንዳያዝን ሰማሁ አልኩት። አንተም ደክመህበታል።»

አፈርኩ። እኩል የመደብኩት ፍጥነት ለድምፅ አይበቃም ነበር። ለጥሪው ኮምፒውተር ከፍ አድርጌ፣ ፊልም የሚያወርዱትን ልቀንስ ስል ጋሽ መኮንን ተቆጡ።

«ደንበኞቼን ልታባርር ነው?»

«ፊልም ቢዘገይም ይደርሳል ጋሼ። እማማ እኮ አንድም ነገር አልሰሙም።»

ወደ ጥሪው ኮምፒውተር ዞረው አዩ። «በል አድርገው። ከጮሁ ግን መልሱ ያንተ ነው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ እማማ አየለች ሰላምታቸውን መሐል ላይ አቋርጠው ወደ እኔ ዞሩ። «ይስላል» አሉኝ። «ጉንፋን ይዞታል።» ከዚያ ልጃቸውን ስለ ብርድና ስለ ልብስ አጥብቀው ይቆጡት ጀመር፤ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

የሱቁ ሻጭ አሁንም መልሴን እየጠበቀ ነበር። ቤት ውስጥ ማን ምን እንደሚሠራበት ጠይቄ ልመለስ አልኩት። ከዚያ ክረምት ወዲህ፣ ሰው ሥራዬን «ጥሩ ነው» ሲለኝ ቶሎ አላምንም፤ እስከ በሩ እሸኘዋለሁ።