ብዥታ የለመደ ዓይን

ሉብና በመርሳ ከተማ ገበያ ዳር ልብስ ትሰፋለች። በመርፌ ቀዳዳ ክር በማስገባት የሚቀድማት የለም፤ ከመንገዱ ማዶ የቆመ ሰው ግን ፊቱ ይደበዝዝባታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውን በአረማመዱና በድምፁ ስለምትለይ፣ የሌላውም ሰው ዓይን እንዲሁ የሚያይ ይመስላት ነበር።

ባለፈው ጁምዓ አጎቷ ዓሪፍ መናኸሪያው አጠገብ ዝም ብለው ቆመው ሳሉ፣ ሰላም ሳትላቸው አለፈች። በማግስቱ ሽማግሌ ሰብስበው ይቅርታ እንድትጠይቅ አዘዙ።

«ወላሂ አላየሁዎትም።»

«አሥር እርምጃ ላይ ቆሜ? ዓይንሽን አጥብበሽ ገላምጠሽኝ ነው ያለፍሽ።»

«የማጠብበው ትንሽ ጠርቶ እንዲታየኝ ነው።» ሽማግሌዎቹን ትታ ወደ አጎቷ ዞረች። «መነጽር ላድርግ ስል ‹ባል ያሸሽብሻል› ብለው የከለከሉኝ እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ አይተሽ አለፍሽኝ ብለው ይከሱኛል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ዓሪፍ፣ እንግዲህ ይቅርታውን አንተው ጠይቅ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ሉብና ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

«ወዴት ነው?» አሉ አጎቷ።

«ወልዲያ፣ ዓይን ሐኪም ጋ።»

«ቆይ፣ እኔ ልውሰድሽ።»

«እስከ ዛሬ እጄን ይዞ የመራኝ የለም» አለች በሩ ላይ ሆና። «ብቻዬን እሄዳለሁ።»