የሃጃ ዘይነብ ሐቅ

ይህ የሆነው ካርቱም በገባሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1994 ዓ.ም. ነው። ሰው መጉዳት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ያኔ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ሳጃና በሚባለው የካርቱም ሰፈር በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት እሠራ ነበር። አንድ ጠዋት ወንበሮች ደራርቤ ተሸክሜ ፊት ለፊቴን ሳላይ ስወጣ፣ ደጃፋችን ላይ ሻይ የሚሸጡትን የሱዳናዊቷን የሃጃ ዘይነብን ምድጃ መታሁት። የፈላው ውሃ እግራቸው ላይ ተገለበጠ።

አሠሪዬ ጋሽ ታደሰ ሐኪም ቤት አደረሷቸው። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አልነበረኝም። ፖሊስ ቢመጣ ጉዴ ነው።

በማግስቱ አል-ሳሃፋ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ጋሽ ታደሰ ከሕክምናው ሌላ ለሥቃያቸው ብለው ገንዘብ አስቀመጡ። ሃጃ የመድኃኒቱን ወሰዱ፤ የሥቃዩን መለሱ።

«ፖሊስ ጋ አልሄድም» አሉ። «ግን ይህን ብቀበል እናንተ ቤታችሁ ትገባላችሁ፤ እኔ ብቻዬን እታመማለሁ። ቁስሉ ሲታጠብ ይቺ ልጅ አጠገቤ ትሁን።»

በመጀመሪያው ቀን ሐኪም ቤት ነርሷ ፋሻውን ስታነሳ ቆዳው አብሮ መጣ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«እዪ፣ ቢንቲ» አሉኝ ሃጃ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አየሁ። አልጮኹም፤ በጥርሳቸው መሃል አየር ይስቡ ነበር። ስወጣ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

በሳምንቱ ጋሽ ታደሰ ይበቃል አሉኝ። ሴትዮዋ ካሁን በኋላ እንደማይከሱ፣ እኔም ሥራ እየፈታሁ መሆኔን ነገሩኝ። ቢያባርሩኝም እንደማልቀር ነገርኳቸው። ለማንም እንዲያ ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። በየሁለት ቀኑ ሄድኩ። በኋላ እግራቸውን የምይዘው እኔው ሆንኩ።

ነርሷ ከእንግዲህ ፋሻ አያስፈልግም ያለች ዕለት ሃጃ ጫማቸውን ቀስ ብለው አጠለቁ።

«ሐቄን አገኘሁ» አሉኝ። «ያላ፣ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

ዛሬ ሰው ስለ ሕመም ካሳ ሲያወራ ዳኞች በምን እንደሚለኩት አላውቅም። ገንዘብም ለብዙ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ግን ሃጃ ያን ቀን ገንዘቡን ቢቀበሉን ኖሮ በወሩ እረሳቸው ነበር። አልረሳኋቸውም፤ ልርሳቸውም አልፈልግም።