ለጁዶ ጀግናው ያጎረስኩት ጉርሻ

በዓረቦቹ ወደብ ከተማ በኤደን፣ ተዋሂ ሠፈር፣ የእትዬ ዘነበች ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነኝ። ሐሙስ ዕለት በኦሎምፒክ የጁዶ ሜዳሊያ ያገኘ፣ አሁን ግን በሽቦ አጥር ውስጥ እየተከፈለው በቡጢና በእርግጫ የሚፋለም አንድ ግዙፍ ሰው ዘመዶቹን ሊጠይቅ መጥቶ እኛ ጋ ምሳ በላ።

«ጁዶ ላይ ቡጢ የለም» ሲል በዓረብኛ አጫወተኝ። «አሁን ግን ፊት ፊቴን ነው የሚሉኝ። እጅ ወደ ፊቴ ሲመጣ ሰውነቴ እኔን አይጠይቅም።»

ሰምቻለሁ። ግን እንዲህ ያለ እንግዳ ሳላጎርስ እንዴት ልሸኝ? ጡንቻውን የሚመጥን ጉርሻ ጠቅልዬ «በሞቴ» እያልኩ ወደ አፉ ሰደድኩ።

ቀጥሎ ያየሁት የጣሪያውን ማራገቢያ ነው። ሰውዬው ጉርሻውን እያላመጠ፣ ደንግጦ «ማዓለሽ፣ ማዓለሽ» እያለ ይቅርታ ይለምነኛል።

እትዬ ዘነበች ከጓዳ ብቅ ብለው ወለሉ ላይ እንደተዘረርኩ አዩኝ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማህም?» አሉኝ። «ተነስና ድገምለት።»