ማሳው ላይ ያደሩ ከብቶች

የምኖርበት ግቢ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ላም አርቢ ጎረቤት የሚለየን የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ በተለይ ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ እንደሆነ፣ የትኩስ እበት ሽታ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብቶ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ልጄ ታፍራለች። «አባ፣ ሌላ ቤት እንፈልግ እንዴ? ሽታው አልከበደህም?» ትለኛለች። አልከበደኝም እላታለሁ። ያ ሽታ ሲመጣ እናቴም አብራ እንደምትመጣ አልነገርኳትም።

ከወሎ የወጣነው በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ነው። እኔ ጢሜ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ያሰፈሩን ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ኪራሙ በኩል፣ ጫካ ውስጥ ነው። ጫካ ስልህ፣ ቀትር ላይ እንኳ ከሥሩ ድንግዝግዝ የሚል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ እየለቀመ ያረሰ ሰው ነው፤ እዚያ ግን ጠጠር አጣ። አፈሩ ጥቁር፣ እግር የሚውጥ፣ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነበር። በእፍኙ ዘግኖ አሸተተና፣ «ይሄማ ራሱን ቢበሉትም ያጠግባል» አለ። ዛፉን መነጠርን፣ አቃጠልን፣ ዘራን። በቆሎው ሰው የሚውጥ ሆነ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ያ ጥቁር አፈር ለካ ከላይ የተነጠፈ ስስ ነገር ኖሯል፤ ዛፎቹ ቅጠላቸውን እያራገፉ ያለበሱት። ዛፉ ሲሄድ የሚያለብሰው ጠፋ። አባቴ ደግሞ እንደ ወሎ ልማዱ እየደጋገመ፣ እያጠለቀ ያርሳል። ዝናቡ ጥቁሩን እያጠበ ወደ ወንዝ ወሰደው፤ ከሥር ቀዩ ወጣ። በቆሎው ከጉልበት አላልፍ አለ፣ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ።

«ይሄ መሬት አርጅቷል» አለ አባቴ አንድ ቀን፣ መጥረቢያውን እየሳለ። «ከምንጩ በላይ ያለውን ጫካ ልመነጥረው ነው።»

ከጫካው የቀረን እሱ ብቻ ነበር። ውሃችንም የሚወጣው ከሥሩ ነው። እናቴ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ነገሩን ጎረቤታችን ሰማ። የአገሩ ተወላጅ፣ ኦሮሞ ነው፤ ከብት የሞላው ሰው። አማርኛው ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል። እኛም በእሱ ቋንቋ ስንናገር ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁብናል፤ ስለዚህ እኩል ነን። መጥቶ ማሳውን በዘንጉ ነካ ነካ አደረገና፣ «ኦቦ፣ አላረጀችም። ርቧት ነው። ከብቶቼ እዚህ ይደሩ» አለው አባቴን።

የእነሱ ዘዴ ነው። ማሳው ላይ ዳላ ይተክላሉ፤ የከብት አጥር ማለት ነው። ከብቱ ጥቂት ሌሊት ያድርበትና አጥሩ ተነቅሎ ወደ ጎን ይዞራል፤ እንዲህ እያለ እበቱ ማሳውን ያዳርሰዋል። አባቴ ትንሽ አመነታና፣ «እሺ፣ አንድ ክረምት ልየው። ካልሆነ ግን ጫካውን እቆርጣለሁ» አለ።

አጥሩን ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ተከልን። ማታ ከብቶቹ እያመሰኩ ሲተኙ የትንፋሻቸው ሙቀት ቤታችን በር ድረስ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር።

ጠዋት ጎረቤታችን ልጁን አስከትሎ ሊያይ መጣ። «አካም ቡልተን» ብሎ ሰላምታውን ሳይጨርስ ደርቆ ቀረ። መሬቱ ተጠርጓል። አንዲት እበት የለችም።

«አዴ» አላት እናቴን፣ «ከብቶቼ ትናንት ጾም ውለዋል እንዴ?»

የእናቴ እጅ እስከ ክርኗ እበት ነው። የቤታችን ግድግዳ ዙሪያውን ኩበት ተለጥፎበታል፤ በእያንዳንዱ ላይ የጣቶቿ ምልክት አለ። ሰውየው ዞር ሲል አየው።

«ማሎ!» አለ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «ማሳውን ግድግዳ ላይ ለጠፍከው!»

ልጁ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ግን ተቆጣች። «ታዲያ በምን ላንድድ?»

እጁን ወደ ጫካው ዘረጋ። «እንጨት አታይም?»

«አያለሁ። እኛም አገር ነበረ። እናቴ ከደጃፏ ነበር የምትለቅመው። እኔ ስደርስ አለቀና እበት ፍለጋ ሜዳ ለሜዳ ዞርኩ። ሁለተኛ ሲያልቅ አላይም፣ ወላሂ!»

አባቴ መሬት መሬቱን ያያል። እሷ ዛፉ እንዳይነካ ብላ ነበር እበቱን የለቀመችው፤ እበቱ ከማሳው ከጠፋ ደግሞ ዛፉ መቆረጡ ነው።

ጎረቤታችን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዴ፣ የወደቀ ቅርንጫፍ ሞልቷል። እሱን ልጆቹ ይልቀሙልህ።»

እናቴ ወደ ግድግዳው ሄደች። እርጥቡን ኩበት አንድ በአንድ እየላጠች፣ ለልጆች ዳቦ እንደምታድል ሁሉ ማሳው ላይ ቆርሳ ቆርሳ በተነችው።

ክረምቱ ገባ። ማሳው ዥንጉርጉር ሆነ። ዳላው ያረፈበት ሁሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ያላረፈበት ቢጫ። ከብቶቹ የት የት እንደተኙ ከሩቅ ይታወቃል። አባቴ ዝናብ እየወረደበት ብዙ ቆመ። በኋላ ወደ ቢጫው እየጠቆመ፣ «እህሉ ሲነሳ ዳላው ወደዚህ ይዞራል» አለ። የጫካውን ነገር ዳግመኛ አላነሳም።

አባቴም እናቴም እዚያው አረጁ፣ እዚያው ተቀበሩ። እኔም ልጆቼን በዚያ ማሳ አሳደግሁ፤ ኋላ ግጭት ተነስቶ እስኪበትነን። ማንንም አልወቅስም። እኛም ጎረቤቶቻችንም ተጎድተናል።

ባለፈው ሳምንት ያንን አብሮኝ የሳቀውን የጎረቤታችንን ልጅ እዚሁ ነቀምቴ፣ መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ሻይ አዘን ተቀመጥን። ጫካው አለ? አልኩት። አለ። ምንጩስ? እሱም አለ። ከብቶቹስ? አልኩት።

«አንዲት ላም ቀርታለች» አለኝ። «አባቴ እንግዲህ አርጅቷል፤ ዓይኑም ደክሟል። ግን ማታ ማታ ገመዷን ይዞ ይወጣል። የሚያሳድራት የእናንተ ማሳ ላይ ነው።»

«ማንም የማያርሰው ማሳ ላይ? ለምን ይደክማል?»

«እኔም ብዬዋለሁ።» ብርጭቆውን በጣቶቹ አሽከረከረ። «‹ይመጡ ይሆናል› አለኝ።»